ልጅ «ልቤ ድው ድው ይላል» ሲል

አንድ ልጅ ደረቱን ይዞ «እማዬ፣ ልቤ ድው ድው ይላል» ሲል ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያስበው ክፉውን ነው። ይሁንና በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን አብዛኛውን ጊዜ ከልብ ሕመም አይመጣም። ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ የፈተና ጭንቀት፣ ቡና፣ ኢነርጂ የሚባሉት መጠጦች፣ ጫት፣ አንዳንድ የአስም መድኃኒቶች፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ልብን ያስሮጣሉ።

ታዲያ አስጊው ከማያሰጋው በምን ይለያል? ሐኪም ከምርመራው ሁሉ የሚያስቀድመው ታሪኩን ነው፤ ምቱ እንዴት ጀመረ? እንዴትስ ቆመ? በሩጫ ወይም በፍርሃት የፈጠነ ልብ ሲያርፉ ቀስ እያለ ይረጋጋል። ልጁ ቁጭ ብሎ ሲያጠና ምቱ በድንገት ተነስቶ፣ በደቂቃ 200 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መትቶ፣ መብራት እንደሚጠፋ ቀጥ የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በልብ ውስጥ ካለ ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር ይመጣል፤ ምልክቱ በዚያ መስመር እየዞረ ልብን ያለ ዕረፍት ያስመታዋል። መድኃኒት አለው፤ መስመሩን በቀጭን ቱቦ ገብቶ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ መዝጋትም ይቻላል።

ችግሩ ልጁ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ምቱ ይቆማል፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውም (ኢሲጂ) ደህና ይመስላል። እንዲህ ያለውን ልጅ፣ በተለይም ልጃገረዶችን፣ «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ምቱ ሲነሳ ቤት ውስጥ ቁጠሩት። ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣቱ በታች አንጓው ላይ አሳርፉ፣ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። ዕረፍት ላይ ያለ ወጣት ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ የትንንሾቹ ከዚህ ይፈጥናል። ለመቁጠር አልያዝ ካለ እሱም ለሐኪሙ ትልቅ ወሬ ነው። ሰዓቱን ጻፉ፣ ሲሠራ የነበረውንም ጭምር። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ምቱ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት ይላል፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። አንገቱን ወይም ዓይኑን በመጫን ምቱን ለማቆም ግን አትሞክሩ።

ጨቅላ ሕፃን ልቤ አይልም። ጡት እምቢ ካለ፣ ከገረጣ፣ ሲጠባ ካላበውና ትንፋሹ ከፈጠነ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

በአገራችን አንድ ጥያቄ መዘለል የለበትም፤ ልጁ ጉሮሮውን ታሞ ያውቃል? ከዚያ በኋላስ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዞር የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረው? በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የልብን በሮች የሚጎዳ የሩማቲክ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ይህን ሐኪሙ በማዳመጫና በልብ አልትራሳውንድ ይለየዋል፤ የተያዘው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊን ሊያቋርጥ አይገባም።

ልጁ ሲሮጥ፣ ሲዋኝ ወይም ደንግጦ ራሱን ከሳተ፣ በጨዋታ መሃል ደረቱን ካመመው፣ ወይም ከዘመዶቹ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ። ሐኪም አይቶት ኢሲጂ እስኪነሳ ድረስ ስፖርት ያቁም።