የትራክተር ኃይል ማውጫ እጀታ አልንቀሳቀስ ሲል

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በደጀን ደጋ ስንዴው ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ገበሬው የሚሰጋው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ያለ ጊዜው በሚመጣ ዝናብና በመውቂያ መኪና መዘግየት ነው። መውቂያውን በኪራይ ያመጣ ሰው ወንፈሉን ጠርቶ፣ ጠላውን አስጠምቆ ዐውድማው ላይ ሲጠብቅ ትራክተሩ «እጀታው ያዘ» ተብሎ ቢቆም ችኮላ ይመጣል። ችኮላውም መዶሻ ያስነሣል። ይህ ትምህርት መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስረዳል።

ዘንጉና አደጋው

ከትራክተሩ በስተኋላ ወጥቶ የሚታየው ጥርስ ያለው አጭር ብረት የኃይል ማውጫ ዘንግ ይባላል፤ ሾፌሮች ፒቲኦ ይሉታል። የሞተሩን ኃይል በካርዳን አማካይነት ለመውቂያው ያቀብላል። በአብዛኞቹ አሮጌ ትራክተሮች ዘንጉ በሥራ ጊዜ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሰኮንድ 9 ዙር ማለት ነው። የጋቢ ጫፍ ቢይዝ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ የሚከተለው ነው። እጀታው እምቢ ሲል ናፍታ መዝጊያውን ስቦ ሞተሩን ማጥፋት፣ ዘንጉም ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ይገባል። ጋቢና ኩታ የለበሰ ሰው ወደ ዘንጉ አይቅረብ፤ ልጆችም ይራቁ።

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሁን

1ኛ፤ የፍሪሲዮኑን አረጋገጥ ተመልከቱ። በ1957 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረውን ማሲ ፈርጉሰን 135 ለምሳሌ እንውሰድ። ከእነዚህ ትራክተሮች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን አላቸው። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ትራክተሩ መሄዱን ያቆማል እንጂ ዘንጉ አይቆምም። ዘንጉ የሚቆመው ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ነው። እስከ መጨረሻው ተረግጦም ዘንጉ ካልቆመ ፍሪሲዮኑ መስተካከል ያስፈልገዋል፤ ይህም የመካኒክ ሥራ ነው።

2ኛ፤ እጀታው አልገባ ሲል የማርሹ ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ይሆናል። ሰው ሁሉ ከዘንጉ ይራቅ፤ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩን በዝግታ እያሠራ፣ ፔዳሉን ለቅቆ እንደ ገና እስከ መጨረሻው ረግጦ ይሞክር።

3ኛ፤ እጀታው አልወጣ ሲል መውቂያው በገለባ ታንቆ እንደ ሆነ እዩ። ታንቆ ሲቆም ዘንጉ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራል፤ የተወጠረ ማርሽም አይለቅም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በመጀመሪያ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝ፤ ውጥረቱ ሳይላላ ገለባውን የሚያወጣ ሰው እጁን ሊመታ ይችላል። ከዚያ በኋላ ገለባው ይውጣ። ሁለተኛው ሰው ቺንጋው የሚዞርበትን መንኮራኩር በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅስ ሦስተኛው እጀታውን በቀስታ ይሳብ።

4ኛ፤ ሞተሩ እንደ ጠፋ ካርዳኑን ፍቱ። እጀታው ያን ጊዜ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የትራክተሩ አይደለም፤ የካርዳኑ ወይም የመውቂያው ነው። ካርዳኑ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ክፍል ነው፤ ዝገትና ጭቃ ከያዘው ወይም ከልክ በላይ ከረዘመ ዘንጉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጠርጋችሁ ግራሶ ቀቡት።

5ኛ፤ የእጀታውን መዞሪያ ጥረጉ። ክረምቱን ሜዳ ላይ በከረመ ትራክተር ላይ አቧራ፣ እብቅና አሮጌ ግራሶ ይጋገራሉ። ከተጠረገ በኋላ ናፍታ ወይም ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ ጧት በእጅ ብቻ ማንቀሳቀስ ነው።

6ኛ፤ የካምቢዮውን ዘይት ተመልከቱ። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ውስጥ ያሉትንም ብረቶች ያዝጋል። ይለወጥ።

መዶሻ ስለ ምን ይከለከላል?

እጀታው በውስጥ ያለችን አንዲት ሹካ መሰል ብረት ይገፋል። በመዶሻ ሲመታ ይህች ብረት ትጣመማለች፤ ወይም ማያያዣዋ ይሰበራል። በውጭ የነበረው ጥፋት ወደ ውስጥ ይገባል። የአንድ ሰዓት ሥራ የነበረው የብዙ ቀን ሥራ ይሆናል፤ መለዋወጫውም ዓባይን ተሻግሮ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክምሩ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። እጀታው ያለ ችግር ወዲያና ወዲህ እያለ ዘንጉ ግን ካልታዘዘ፣ ወይም ስድስቱ ሁሉ ተሞክረው ለውጥ ከሌለ፣ ሥራውን ለመካኒክ ተዉ፤ ክምሩንም በደንብ ክደኑ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት ጥቅምት ከመውጣቱ በፊት ሞተሩ በጠፋ ትራክተር ላይ አሳዩ። ገበሬው ኪራይ ሲዋዋል ትራክተሩ ከግቢ ሳይወጣ እጀታው ገብቶና ወጥቶ እንዲታይለት ይጠይቅ። ገበሬው መካኒክ እንዲሆን አንጠይቅም፤ ነገር ግን በዐውድማው ላይ «ሞተሩን አጥፋ» ብሎ ለማዘዝ የሚበቃ ዕውቀት ይኑረው። የዘገየ ስንዴ ይወቃል፤ የተቆረጠ እጅ ግን አይተካም።