ዋቢ አጻጻፍ፦ የቢስቲማው ሽማግሌ ስም የት ይግባ?

ባለፈው ክረምት ከፋኩልቲያችን አራት ጓደኛሞች ሆነን ለጥናት ወደ ወሎ ሄደን ነበር። ከሐይቅ ወደ ጭፍራ በሚወስደው መንገድ ቢስቲማ ደርሰን፣ ስለ ድሮው ገበያና ስለ ቆላው ንግድ የሚያውቁ አረጋውያንን እየጠየቅን ሦስት ደብተር ሞላን። በመጨረሻው ቀን፣ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የነገሩን አንድ ሽማግሌ፣ «እናንተ ልጆች፣ ስሜንም ትጽፉታላችሁ ወይስ ወሬውን ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?» ብለው ጠየቁን። «እንዴ አባባ! እንጽፋለን እንጂ» ብለን ተሰናበትናቸው።

ጽሑፉን አዘጋጅተን በውጭ አገር ለሚታተም አንድ መጽሔት ላክነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። አዘጋጁ ስለ ሐሳቡ ገና ምንም አላሉም፤ ዋቢዎቹ በመጽሔቱ ደንብ ተስተካክለው እንዲላኩላቸው ብቻ ነው የጠየቁት። እኛም ነገሩ የነጥብና የሰረዝ ጉዳይ መስሎን፣ ዝርዝሩን ዋቢ ለሚያደራጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሰጥተን ተኛን። ጧት ተነሥተን ስናነበው ታደሰ ታምራት «ታምራት፣ ታ.» ሆነዋል፤ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ «ሥላሴ፣ ሥ. ሀ.» ተብለዋል፤ የቢስቲማው ሽማግሌ ግን ከነጭራሹ የሉም። ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ዋቢ ማለት ምስክር ማለት ነው። በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ የምናሰፍረው ዋቢም አንባቢው ቢጠራጠር ተነሥቶ ምስክሩን ራሱ እንዲጠይቅ የምንሰጠው አድራሻ ነው። ከዚህ የቀረው የየመጽሔቱ ልማድ ነው። አንዱ በግርጌ ማስታወሻ ያስጽፋል፤ ሌላው የጸሐፊውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ አስገብቶ ሙሉውን ዝርዝር ወደ መጨረሻ ይወስደዋል። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ይመስለናል። የመጽሔቱን መመሪያ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ፤ ከቅርብ እትሙም አንድ ጽሑፍ ከፊታችሁ ዘርግታችሁ እሱን ተከተሉ። ሁለቱን ልማድ ግን አታደባልቁ።

ለምሳሌ ያህል የወሎን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሳያነብ የማያልፈውን አንድ ጽሑፍ እንውሰድ፦ ታደሰ ታምራት፤ «የደብረ ሐይቅ አበ ምኔቶች ከ1248 እስከ 1535»፤ ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ፤ ቅጽ 8፣ ቁጥር 1፤ 1970 እ.ኤ.አ.፤ ገጽ 87–117። ጽሑፉ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ርእሱን የተረጐምነው ለዚህ ትምህርት ብለን ስለሆነ፣ እናንተ በዝርዝራችሁ ውስጥ እንደ ታተመው አድርጋችሁ ጻፉት። ቅጽና ቁጥር ጽፎ ገጹን የተወ ሰው፣ «ቤቴ ደሴ ነው፣ ና» ብሎ እንግዳ እንደ ጠራ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ፈረንጅ በቤተሰብ ስሙ ይጠራል፤ እኛ ግን የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባታችን ስም ነው። ስለዚህ ታደሰን «ታምራት» ብሎ የመዘገበ ሰው ጽሑፉን ለአባትየው ሰጠው ማለት ነው። ሑሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ጽፈው በ2001 እ.ኤ.አ. ላይደን ያሳተሙትን መጽሐፍ «አሕመድ፣ ሑ.» ብትሉት ደግሞ፣ አባቱ አሕመድ የሚባል ሰው በወሎ ስንት እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ! ከሁሉ የሚብሰው ጥምር ስም ሲቆረጥ ነው፤ «ሀብለ ሥላሴ» አንድ ስም ነውና «ሥላሴ» ብቻውን ማንም አይደለም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ የአይስላንድ ሰዎችም እንደኛው በራሳቸው ስም ነው የሚዘረዘሩት። የኢትዮጵያን ጉዳይ በሚመለከቱ መጽሔቶች ዘንድ ኢትዮጵያዊን ጸሐፊ በራሱ ስም አስቀድሞ፣ የአባቱን ስም ሳያሳጥሩና ሳይገለብጡ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። በኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ውስጥ ሙሉ ስሙን ሳትከፍሉ በአንድ ቦታ አስገቡት፤ መጽሔቱ እንቢ ካለ ለአዘጋጁ ምክንያቱን አስረድታችሁ ጻፉ። እኛ ስንጽፍ ያለ ክርክር ተቀብለውናል።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓመተ ምሕረት ነው። የባሕሩ ዘውዴ የኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛው ሁለተኛ እትም ርእሱ ላይ «1855–1991» ይላል፤ በአማርኛው «ከ1847 እስከ 1983» ይላል። ዘመኑ አንድ ነው፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ ግን ስለ ሁለት የተለያየ ዘመን የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ያደርጋቸዋል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። በመጽሐፉ ላይ 1965 ዓ.ም. ብቻ ተጽፎ ወሩ ካልተገለጸ በግምት አንዱን አትምረጡ፤ 1965 ዓ.ም. (1972/73) ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። በመጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት መሰረዝ ግን አይገባም።

የብራና መጽሐፍ ገጽ ስለሌለው በቅጠል ይቆጠራል፤ የቅጠሉ ፊት ነው ወይስ ጀርባው ብሎ መለየት ያስፈልጋል። የሚገኝበትን ቦታና ቁጥሩንም ጻፉ። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በማይክሮፊልም ስብስቡ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832 ተብሎ ይታወቃል፤ ይህን ቁጥር ያገኘ ሰው ሐይቅ ድረስ ሳይሄድ ሊያየው ይችላል።

የእኛ ሽማግሌ የጠፉት ለምን ነበር? መጽሔቱ በሚከተለው ደንብ መሠረት በቃል የተነገረ ነገር እንደ ግል ደብዳቤ ስለሚቆጠር፣ በጽሑፉ መካከል በቅንፍ ይነሣል እንጂ ከዋቢ ዝርዝር አይገባም። ምክንያቱ አንባቢው ሄዶ ሊያገኘው አይችልም የሚል ነው። ለግል ደብዳቤ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በቢስቲማ ለሚኖር ሰው ግን አይሠራም፤ መኪና አለ፣ ስልክም አለ። በአገራችን የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው መጨረሻ የነገሯቸውን ሰዎች በሰንጠረዥ ያሰፍራሉ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን፣ ሰውየው ነገሩን በምን እንደሚያውቀው። እኛም ይህን ልማድ ጠቅሰን «የቃል ምንጮች» የሚል ዝርዝር ለብቻ እንዲጨመርልን አዘጋጁን ለመንን። ስሙ እንዲወጣ የማይፈቅድ ሰው ካለ ግን በምልክት ብቻ ይገለጻል፤ ይህን እዚያው ሳሉ መጠየቅ ያሻል፤ ከተመለሱ በኋላ ይከብዳል።

አዘጋጁ ፈቀዱ። ነገር ግን የሽማግሌው ዕድሜ ጎደለ፤ መጠየቁን ረስተን ኖሯል! ቢስቲማ ደወልን። እሳቸውም፣ «የስልሳ ስድስቱ ረሀብ ጊዜ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ እናንተ ቁጠሩት» አሉን። ቆጥረን «በግምት 78» ብለን ሞላን፤ በማብራሪያው ዓምድም ቃላቸውን አሰፈርን። የመጨረሻው እርማት ሲመጣልን «1966» ከሚለው በኋላ የእኛ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ተዘሎ አገኘነው። «ዓ.ም. (1973/74)» ጨምረንበት መለስነው።