የዝገት መከላከያ ቅባትና ያልታሰበ ጕዳቱ

የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን ከዝገት ለማዳን የሚሻ ነጋዴ የላሜራውን ሆድ ሬንጅ ወይም ዘይትነት ያለው ቅባት ያስቀባል። ጨዋማ አየር ባለበት በባሕር ወደብ ለሚሠራ መኪና ይህ ጥንቃቄ በተለይ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ያለ ዕውቀት ሲደረግ ሌላ ጕዳት ያስከትላል።

፩ኛ/ በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የገባው ውሃ እንዲወጣባቸው የተበጁ ናቸው። ቅባቱ ከደፈናቸው ውሃው ከውስጥ ታቍሮ ይቀራልና ዝገቱ በማይታይበት ስፍራ ይበረታል። ሬንጅም ደርቆ ሲሰነጠቅ እርጥበትን አምቆ ይይዛል።

፪ኛ/ ከነዳጅ ዘይት ዘር የሆነ ቅባት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፤ ያለሰልሳልም። ፍሬን ላይ ቢረጭ ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ይቀንሳል።

፫ኛ/ የቅባቱ ሽታ ወደ ጭነቱ ክፍል ይዘልቃል። ቡና፣ ሻይና ዱቄት ባዕድ ሽታን ቶሎ ስለሚስቡ፣ ገዢው ዕቃውን የመለሰ እንደ ሆነ ኪሳራው ከቅባቱ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ባለመኪናው አስቀድሞ ዝገቱ ተፍቆ እንዲጠራ፣ ጎማውና ፍሬኑ እንዲሸፈን፣ ከሥራውም በኋላ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸው እንዲመረመር ማዘዝ ይገባዋል። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋም ድረስ የሚበላና የሚጠጣ ዕቃ ባይጭን ይሻለዋል።