ጭንቀት ሕመም ሲሆን

ሰው ሆኖ የማይጨነቅ የለም። በዘመሮ ደጋ ገብሱን ውርጭ እንዳይመታበት የሚያስብ ገበሬ እንቅልፍ ቢያጣ አያስደንቅም። እህሉ ጎተራ ሲገባ ግን ሐሳቡ ይቀልለታል። ጭንቀት ሕመም የሚሆነው ምክንያቱ ካለፈ በኋላም አልለቅ ሲል፣ ለወራት ሲቆይና የዕለት ሥራን ሲያሰናክል ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ልብ በኃይል ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። ተማሪው ያጠናው ይጠፋበታል፤ እኅታችን ገበያ መውጣት፣ በጉባኤ መካከል መቆም ትፈራለች። አንዳንዱን ድንገት ይይዘውና የሚሞት ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ይበርድለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 301 ሚሊዮን ነበሩ።

እኛ በጀግንነት ስለምንኮራ እንዲህ ያለውን ሰው «ፈሪ» ማለት ይቀናናል። ስድብ ሕመሙን ያስደብቃል እንጂ አያድንም። ጠበል መጠመቅና መጸለይም ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም። ሕመሙ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። መጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ከበድ ካለም ሐኪሞቹ አዲስ አበባ እስካለው አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ሊልኩት ይችላሉ።

ነቢዩ ኤልያስ ፈርቶ በሸሸና ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደምናነበው፣ ከተኛበት ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። እኛስ ለተጨነቀው ወንድማችን ምን እናቅርብለት? ሳንነቅፍ እንስማው፤ ወደ ሕክምናም አብረነው እንሂድ።