የዲሽ አቅጣጫና የመሸከም ግዴታ

የገመድ ቴሌቪዥን ኩባንያ በአየር የሚሠራጩትን የአካባቢውን ጣቢያዎች ለደንበኞቹ እንዲያደርስ ይገደድ ወይስ የወደደውን ብቻ ይምረጥ? በዋጃ የገመድ ኩባንያ ስለሌለ ይህ ጥያቄ የባዕድ አገር ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የከተማዪቱን ጣራዎች አሻቅቦ የተመለከተ ተማሪ የነገሩን ፍሬ እዚያው ያገኘዋል።

አስቀድመን ግዴታው ከየት እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ተራሮች መካከል የሚገኙ ከተሞች የቴሌቪዥን ሞገድ ስለማይደርሳቸው ከኮረብታ ላይ ትልቅ አንቴና ተክለው ሥርጭቱን በገመድ ወደየቤቱ ያወርዱት ጀመር። (የራያን ሜዳ በዞብልና በምዕራቡ ደጋ መካከል የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።) ረዳት ሆኖ የመጣው ገመድ ግን ውሎ አድሮ በረኛ ሆነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ ከ12 በላይ ቻናል ያለው ኩባንያ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ቦታ ለአካባቢው የንግድ ጣቢያዎች በነፃ እንዲለቅ አዘዘ። ኩባንያዎቹ የመናገር ነፃነታችን ተነካ ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሕጉን ያጸናው በ5 ለ4 ድምፅ ነበር። ብዙኃኑ ዳኞች ሕጉ የሐሳብ ዓይነት እንደማይመርጥና ለገመድ የማይከፍለውን ቤተሰብ እንደሚጠብቅ አመኑ፤ አራቱ ግን መንግሥት አንዱን ተናጋሪ ከሌላው ማስቀደሙ አልተዋጠላቸውም። እኔ ለአራቱ ሥጋት የማደላው ስለ አሜሪካ ሳይሆን ስለ ዋጃ ሳስብ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበረ ምርጫ የሚባል ጣጣ አልነበረም። ዛሬ ጣቢያው በዝቷል፤ በሩ ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ከዋጃ ዲሹ ወደ ደጋው ይዞራል። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ኢትዮሳት ግን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል አቅጣጫ ያስዞራል። ሁለቱንም የፈለገ ቤተሰብ ሁለት ዲሽ መትከል አለበት። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ግን የሚያየውን የሚወስንለት ጣቢያዎቹ ቦታ የተከራዩበት ሳተላይት ነው።

ከአሜሪካው ጋር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እዚያ ተሸካሚው በነፃ እንዲሸከም ተገደደ፤ እዚህ ተሸካሚውን የሚከፍለው ጣቢያው ራሱ ነው፤ የኢትዮሳት አስተላላፊም የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ነው። ኪራዩን መክፈል ያቃተው ጣቢያ ማንም ሳይከለክለው ይጠፋል። ከደንበኛ ወርኃዊ ክፍያ እየሰበሰበ ቻናል በጥቅል የሚሸጠው ዲኤስቲቪ ለገመዱ ኩባንያ ይበልጥ ይቀርባል፤ የመሸከም ግዴታ ቢደነገግ በመጀመሪያ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ድርጅት ነው።

ይሁንና «የአካባቢው ጣቢያ» የሚለው ቃል በዋጃ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ የሚሰማባት፣ የአስተዳደሯም ጉዳይ በሁለት ክልሎች መካከል ያከራከረባት ከተማ ናት። እንግዲህ የግዴታውን ዝርዝር የሚጽፈው ባለሥልጣን የአንዱን ክልል ጣቢያ አስገብቶ የሌላውን ቢተው፣ ድንበሩን በቴሌቪዥን አሠመረ ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ «አካባቢ» የሚለውን የለካው በሥርጭት ገበያ ነው፤ የኛ ግን በክልል ወሰን ከተለካ የዋጃ ሰው ጎረቤቱ የሚያየውን እንዳያይ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ግዴታው ይኑር እላለሁ፤ ግን መለኪያው ቤተሰቡ የሚናገረው ቋንቋ ይሁን፤ በአካባቢው የሚነገረው ቋንቋ ሁለት ከሆነም ሁለቱም ይጫኑ። የመንግሥት ይሁን የግል፣ የሚያመሰግን ይሁን የሚነቅፍ ጣቢያ በአንድ ሚዛን ይመዘን። ኪራይ ላቃተው ትንሽ ጣቢያ ማን ይክፈል የሚለው ግን ከሁሉ የከበደው ነው፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከከፈለ የከፈለው እጅ መልሶ ዝርዝሩን መያዙ አይቀርም፤ ባለጥቅሉ ኩባንያ ከከፈለ ደግሞ ወጪው በዋጃው ደንበኛ ወርኃዊ ሂሳብ ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሂሳቡ ቢያንስ በየወሩ ይታያል።