በመንገድ ላይ የሚታሰብ ቃል

ወዳጄ ሆይ፤ በየካ ቆመህ ወደ ሰሜን ቀና ብትል የእንጦጦን ተራሮች ታያለህ። ከፍታቸው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ከትመው ነበር፤ በ1882 ዓመተ ምሕረትም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ስፍራው ለጠላት የማይመች፥ ለጠባቂ የሚያመች ነበር። ነገር ግን ብርዱ ጸና፤ የማገዶው እንጨት አለቀ፤ ሕዝቡም ወደ ፍልውኃው ሜዳ ወረደ። ጽኑ የተባለው ተራራ የሰዎቹን ቤት ሊያሞቅ አልቻለም።

በመዝሙር 121፥ በግእዙ ዳዊት አቈጣጠር በ120ኛው፥ መዝሙረኛው ዓይኑን ወደ ተራሮች ያነሣል። ብዙ ሰው ንባቡን በዚያ ያቆምና ረድኤት ከተራራው የሚወርድ ይመስለዋል። መዝሙረኛው ግን ተራራውን አልፎ ተራራውን ወደ ፈጠረው ይሄዳል። አንዱ ጎተራውን፥ አንዱ ዘመዱን፥ አንዱም ደመወዙን ተራራ አድርጎ ይዟል፤ ሁሉም መልካም ስጦታዎች ናቸው፤ የሚያልቁ ግን ናቸው።

እንግዲህ በእግዚአብሔር መታመን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነውን? አይደለም። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ፥ ድሆች ሴቶች ከጫካው ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፥ በጀርባቸው አዝለው፥ ወደ ከተማው ሲወርዱ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነበር፤ ወገባቸው እስኪጎብጥ ድረስ። ከእነርሱ መካከል እግዚአብሔርን የታመነችው ሴት ሸክሙን አልጣለችም፤ እንደ ሌሎቹ በሌሊት ተነሥታ ወጣች። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የጠቀሳቸው ወፎችም ምግባቸውን ከጎጇቸው ወጥተው ይፈልጋሉ። የታመነች ሴት ከሌላዋ የምትለየው፥ ዛሬ ከምትሸከመው እንጨት በላይ የነገን ጭንቀት ባለመጫኗ ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ ገዢውም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከደጁ ሸክሟን ያወረደችውን ሴት፥ «እግዚአብሔር ያውቅልሻል፤ በእርሱ ታመኚ» ብሎ መክሮ፥ ወዲያው የእንጨቱን ዋጋ የሚያሳንስባት ክርስቲያን አለ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ አውቆታል። እምነትን ለሌላው መስበክ፥ ገንዘብን ግን ለራስ ማስቀረት መታመን አይባልም።

ነገር ግን ሰው ይህን ሁሉ በሥራው ሰዓት እንዴት ያስታውሳል? በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ተጽፏል። የንግሥቲቱ የሀብቷ ሁሉ አዛዥ ነበር፤ አሳቡ የሚከፈልበት ብዙ ጉዳይ እንደ ነበረው አያጠራጥርም። እርሱ ግን በሠረገላው ተቀምጦ፥ በመንገድ ላይ፥ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም በቀረበው ጊዜ የጠየቀው ምን ያህል እንዳነበበ ሳይሆን ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። ያ ትልቅ ሹም አላፈረም፤ የሚመራው እንደሚያስፈልገው ተናገረ። እኛ ስንቶቻችን ያልገባንን እንደ ገባን አድርገን ገጹን እንገልጣለን!

መጽሐፉ በቋንቋችን በእጃችን የገባው በቀላል አይደለም። የጎጃሙ ተወላጅ አባ አብርሃም፥ አቡ ሩሚ የተባሉት፥ ከአገራቸው ርቀው በካይሮ ተቀምጠው አሥር ዓመት ያህል በትርጓሜው ደከሙ። ወንጌላቱ በ1824 ታተሙ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ወጣ፤ ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከዚያም አስቀድሞ አባቶቻችን ዳዊትን ለየቀኑ ከፍለው ይደግሙ ነበር፤ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው፥ ወይም በቃላቸው። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት መጽሐፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የሚገለጠውም ሰው ሲታመም ወይም ሙግት ሲነሣ ነው። ያን ጊዜም አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጠውና ጣቱ ያረፈበትን ቃል እንደ ጥንቆላ ይቈጥረዋል።

ይህን የሚጽፈውም ሰው ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ማለዳ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አንብቦ፥ ወደ ሥራው ሲወርድ ቀበና ወንዝ ሳይደርስ፥ ምን እንዳነበበ ራሱን ቢጠይቅ አንዲት ቃል እንኳ አላገኘም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንባቡን አሳነሰ፤ ጥቂት ቍጥር ብቻ አንብቦ አንዱን አሳብ እስከ ማታ ይዞ ለመዋል ቈረጠ። ሁልጊዜ ግን አልቀናውም።

ቃሉን የያዘና ያልያዘ ሰው የሚለየው በጸሎት ቤት ሳይሆን እንደ ሾላ ባለ ገበያ ነው። ነጋዴው በሚዛኑ ፊት ቆሟል፤ ጎረቤቱ ያጎድላል፥ ስለዚህም ርካሽ ይሸጣል፤ ደንበኛም ወደዚያ ይጎርፋል። የቤቱ ኪራይ ደርሷል፤ ልጆቹም እራት ይጠብቃሉ። በምሳሌ መጽሐፍ በ11ኛው ምዕራፍ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተጻፈውን ማለዳ አንብቦ ነበር። አሁን በልቡ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አንደኛው «እግዚአብሔር የነገውን ያውቃል» ይላል፤ ሁለተኛው «እርሱ እስኪደርስልህ ልጆችህ ይራባሉ» ይላል። ሚዛኑን ቀጥ አድርጎ ከመዘነ፥ ምናልባት በዚያ ቀን ያተርፋል ብለን ልንዋሽለት አይገባንም። ከስሮ ሊመለስ ይችላል። በእግዚአብሔር የሚታመን መሆኑ ግን የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው።

በዚህ ሳምንት መዝሙር 121ን፥ ማቴዎስ 6ን ከ25ኛው ቍጥር ጀምሮ፥ ምሳሌ 11ንም ከቤተ ሰዎችህ ጋር አንብብ። ማንበብ የማትችል እናት ወይም አያት በቤትህ ብትኖር፥ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት፤ ማታም ምን እንዳስታወሰች ጠይቃት፤ እርሷም አንተን ትጠይቅህ።