ታስሮ የተጋደመው እንስሳ
(ሥዕልን ስለ መመልከት አጭር ትምህርት)

በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፥ በገበያ ዕለት እግሩ ታስሮ መሬት ላይ የተጋደመ በግ ያላየ አይኖርም። ሁላችንም ዋጋውን እንጠይቃለን፤ ወገቡንና ላቱን ዳብሰን እናልፋለን። በጉን ራሱን ቆሞ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1643 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የታሰረ እንስሳ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አትሟል። የእርሱ እንስሳ ግን በግ ሳይሆን እሪያ፥ ማለትም አሳማ ነው።

1. አሠራሩ

ይህ የኅትመት ጥበብ ኤቺንግ ይባላል። ሠዓሊው የመዳቡን ሰሌዳ ሰም ቀብቶ በሰሙ ላይ በመርፌ ይሥላል፤ ከዚያም ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ያገባዋል። አሲዱ መርፌው ሰሙን ያነሣበትን መስመር ብቻ እየበላ ይቦረቡራል። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ሲወለወል፥ የቡና ጥቁረት በሲኒ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ፥ ቀለሙ በመስመሮቹ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻም ርጥብ ወረቀት ተደርጎበት ሲታተም ሥዕሉ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ይወጣል። ነጭ ቀለም የለም፤ ብርሃኑ ሠዓሊው ሳይነካ የተወው ወረቀት ነው።

2. ሥዕሉ

እሪያው እግሮቹ ታስረው ከፊት ተጋድሟል፤ መታረዱን ይጠብቃል። ጠጕሩ፥ የቆዳው መጨማደድና የገላው ክብደት በተደራረቡ ጥቃቅን መስመሮች ተገልጧል። ከበስተኋላው ያሉት ሰዎች፥ ልጆችም ጭምር፥ በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ተነድፈዋል። በልማድ ቢሆን ሰው ይጐላ፥ እንስሳም ይደበዝዝ ነበር። ሬምብራንት ግን ትጋቱን ሞቱ ለቀረበው ፍጥረት ሰጠ። አላሳመረውም፤ የሰው ፊትም አልሰጠውም፤ እንዳለ አየው።

በአገራችን እሪያ በብዙዎች ዘንድ የማይበላ፥ የሚናቅም እንስሳ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እኛን ይበልጥ ይፈትነናል፤ ልንገዛውም ልንበላውም የማንሻውን ፍጥረት በትዕግሥት እንድናይ ይጠይቀናልና። ጥቅም ሳይፈልጉ መመልከት የሥዕል ትምህርት መጀመሪያ ነው።

ጥበቡ ከእኛም የራቀ አይደለም፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ሥዕልን ያስተምራል።

መልመጃ

በሚቀጥለው የገበያ ዕለት አንድ የታሰረ በግ ዋጋውን ሳትጠይቁ ለጥቂት ጊዜ ተመልከቱ፤ በእርሳስም ንደፉት። መስመሩ የሚጠቁረው የት ላይ ነው? ወረቀቱስ ነጭ ሆኖ ሊቀር የሚገባው የት ነው?